ሚያዝያ 27፤ አንድ ቀን በልዩ ልዩ ዘመን

በቋንቋችን ስለ ቀን የሚነገረው ብዙ ነው። ሰው ሲወድቅ «ቀን ጣለው» እንላለን፤ ሲነሣም «ቀን ወጣለት» እንላለን። ባለጸጋው ሲደኸይ «ቀን ከዳው»፣ ሹሙ ሲሻር «ቀን ጎደለበት» ይባላል። ይህን አነጋገር ልብ ብለን ስንመረምረው፣ ቀን እጅና እግር ያለው፣ አንዱን የሚያነሣ ሌላውን የሚጥል ብርቱ ፍጡር ሆኖ ይታያል፤ ሰው ግን ተቀባይ እንጂ አድራጊ አይደለም። ይህ እውነት ነውን? ወይስ ቀንን ክፉና ደግ የሚያደርገው ሰው ራሱ ነው?

ይህን ጥያቄ ያነሣነው በከንቱ አይደለም። ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን ለማክበር ሲዘጋጅ፣ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ለዚህ መጽሔት አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ ታዘዝን። ምን እንጻፍ ብለን ስንመክር፣ ከመካከላችን አንዱ «በዓል የሚከበረው በቀን ነውና ስለ አንድ ቀን እንጻፍ» አለ። ሌላው ግን «ቀን ሁሉ እኩል ነው፤ ፀሐይ ትወጣለች፣ ትጠልቃለች፤ ስለ ቀን ምን ይጻፋል?» ሲል ተቃወመ። ክርክሩ ስለ በረታ፣ አንድ ቀን መርጠን በልዩ ልዩ ዘመን ምን እንደ ተፈጸመበት ልንከታተል ተስማማን። የመረጥነውም ሚያዝያ 27 ቀን ነው፤ ይኸውም በአውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 5 የሚባለው ነው። ይህን ቀን የመረጥንበት ምክንያት በአገራችን ታሪክ ውስጥ ሁለት ፊት ያለው ቀን ስለ ሆነ ነው፤ አንዱ ፊት የለቅሶ፣ ሁለተኛው የደስታ።

በመጀመሪያ የ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 27ን እንመልከት። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ከዚያ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 22 ቀን፣ ሠራዊታችን በማይጨው ተዋግቶ ድል ሳይቀናው ቀርቷል። በጦር ሜዳው የጀግንነት ጉድለት አልነበረም፤ ነገር ግን ጠላት አውሮፕላንና መድፍ ነበረው፤ በዚያም ጦርነት ራሱ ኢጣልያ ፈርማ የተከለከለውን የመርዝ ጋዝ በሰውና በከብት ላይ አዝንቧል። ሚያዝያ 24 ቀን ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከተማይቱ ያለ ጠባቂ በቀረችባቸው ቀኖች ዘረፋና ቃጠሎ ሆነ፤ ሱቆች ተሰበሩ፤ የአንድ አገር ሰው እርስ በርሱ ተነሣ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የማርሻል ባዶሊዮ ሠራዊት በብዙ መቶ ካሚዮን ተጭኖ ከደሴ በሚመጣው መንገድ አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ምሽት ሙሶሊኒ ሮማ ላይ በሰገነት ቆሞ ጦርነቱ ማለቁን ለሕዝቡ አወጀ።

እንግዲህ «ቀን ጣላቸው» የሚባል ሕዝብ ቢኖር በዚያን ዕለት የኢትዮጵያ ሕዝብ ነበር። ነገር ግን ጦርነቱ አላለቀም። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የአገራቸውን አቤቱታ አሰሙ። በምዕራብ ኢትዮጵያ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶችና በውጭ አገር የተማሩ ጓደኞቻቸው «ጥቁር አንበሳ» የሚባለውን ማኅበር አቋቁመው ተዋጉ። ይህን ስናነብ በጣም ተደነቅን፤ ከእነዚያ ወጣቶች ብዙዎቹ በዕድሜ ከእኛ እምብዛም የሚበልጡ አልነበሩምና። በሸዋ አበበ አረጋይ፣ በጎጃም በላይ ዘለቀ፣ በወሊሶ በኩል ገረሱ ዱኪ፣ ሌሎችም ስማቸው በየአገሩ የሚጠራ ብዙ አርበኞች ዱር ቤቴ ብለው ጠላትን ዕረፍት ነሡት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ ሦስት ቀን ሙሉ ጭፍጨፋ ሆነ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ግምት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ያደርሰዋል። ከመጀመሪያው ሚያዝያ 27 እስከ ሁለተኛው ድረስ ያሉት አምስት ዓመታት እንዲህ ባለ መከራ የተቆጠሩ ናቸው።

አሁን ወደ 1933 ዓ.ም. እንምጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን ከሱዳን ተነሥተው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማቸውን ከተከሉ በኋላ በጎጃም በኩል ጉዞ ቀጠሉ። በደቡብ በኩል ደግሞ በጀኔራል ከኒንግሃም የሚመራው የእንግሊዝ መንግሥት ጦር ከኬንያ ተነሥቶ እየገሠገሠ መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባን ያዘ። ስለዚህ ከተማይቱ ከፋሺስት እጅ የወጣችው በመጋቢት እንጂ በሚያዝያ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ወዲያው አልገቡም። የእንግሊዝ አዛዦች በከተማው የነበሩት ብዙ ሺህ ኢጣልያውያን አደጋ እንዳይደርስባቸው በመስጋት መግቢያቸውን አዘገዩ። በመጨረሻም የመግቢያቸው ቀን ባዶሊዮ ከገባበት አምስተኛው ዓመት በሚሞላበት ቀን እንዲሆን ተመረጠ።

ሰኞ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ኮሎኔል ዊንጌት በፈረስ ተቀምጦ ከፊት እየመራ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በእንጦጦ በኩል ወደ ከተማይቱ ወረዱ። የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ጸጉራቸው አድጎ፣ ልብሳቸው በዱር ኑሮ አልቆ፣ ጠመንጃቸውን እንደ ያዙ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ተቀበሏቸው። በዚያን ዕለት ንጉሠ ነገሥቱ ያደረጉት ንግግር ዋና ፍሬ ነገሩ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፣ በተሸነፈው ጠላት ላይ ግፍ እንዳይሠራ የሚመክር ነበር። አባቱ የተገደለበት፣ ቤቱ የተቃጠለበት ሕዝብ ይህን ቃል ሲሰማ ምን ያህል እንደ ከበደው እናስተውላለን። ቢሆንም የካቲት 12 ቀን በከተማይቱ የወረደው ዓይነት ጭፍጨፋ በሚያዝያ 27 በተሸነፉት ላይ አልተፈጸመም። እኛ ከድሉ ይልቅ በዚህ ይበልጥ እንኮራለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ያ ቀን የጠላት ቀን ነበር። ሙሶሊኒ ድሌን ያየሁበት ቀን ብሎ በታሪኩ ሊጽፈው አስቦ ነበር። ኢትዮጵያውያን አገራቸውን ብቻ ሳይሆን ቀኑንም ጭምር ከጠላት እጅ አስመለሱ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሚያዝያ 27 ሲባል ባዶሊዮን የሚያስታውስ የለም፤ አራት ኪሎ ላይ ያለው አደባባይም የሚጠራው በድሉ ቀን ስም ነው።

ደግሞም በሁለቱም ሚያዝያ 27 ነገር ሁሉ በአንድ ቀን እንዳልተፈጸመ ታሪክ ይመሰክራል። በ1928 ጦርነቱ አለቀ ተብሎ ታወጀ፤ አርበኞች ግን ገና መጀመራቸው ነበር። በ1933ም ድል ሆነ ተብሎ እልል ተባለ፤ ሆኖም የኢጣልያ እንደራሴ የነበረው የአኦስታ መስፍን በአምባላጌ እጁን የሰጠው በግንቦት ነው፤ ጎንደርም ነጻ የወጣችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ የታሪክ ቀን ማለት ነገር ሁሉ የተጀመረበት ወይም ያለቀበት ቀን አይደለም፤ ረጅሙን ነገር በአጭሩ እንድናስታውሰው ሰዎች የተከሉት ምልክት ነው።

ከዚህ በኋላ በሌሎች አገሮች ታሪክ ሜይ 5 ቀን ምን እንደ ተደረገ ስንፈልግ ያላሰብነው ችግር ገጠመን። በመጀመሪያ ያገኘነው የፈረንሳይን ታሪክ ነው። ንጉሡ ሉዊ 16ኛ ግምጃ ቤታቸው ባዶ ስለ ሆነ፣ ከ1614 ወዲህ ተሰብስቦ የማያውቀውን የሦስቱን መደቦች ጉባኤ ጠርተው ቬርሳይ ላይ የከፈቱት በአውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 5 ቀን 1789 ነው። ታላቁ የፈረንሳይ አብዮት ከዚያ ተወለደ፤ በአብዮቱም ማዕበል ላይ ናፖሊዮን ተነሣ። ይህም ናፖሊዮን በግዞት በነበረባት በሴንት ሄሌና ደሴት የሞተው ሜይ 5 ቀን 1821 ነው። በሩ የተከፈተበት ቀንና በበሩ የገባው ታላቅ ሰው የሞተበት ቀን አንድ መሆኑን ስናይ በጣም ተገረምን።

ነገር ግን ቀኖቹን ወደ እኛ አቆጣጠር ስንመልሳቸው አንድ ሆነው አልተገኙም። የ1789ኙ ሚያዝያ 29 ቀን 1781 ዓ.ም. ላይ ዋለ፤ የናፖሊዮን ሞት ግን ሚያዝያ 28 ቀን 1813 ዓ.ም. ላይ ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የእኛ አቆጣጠር እንደ ጥንቱ የሮማ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ሳያስቀር ይጨምራል። በአውሮፓ ግን በ1582 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ አቆጣጠሩን ሲያርሙ አሥር ቀን ተዘለለ፤ ከኦክቶበር 4 ቀን ማግሥት ኦክቶበር 15 ሆነ። ከዚያም በኋላ በየመቶው ዓመት፣ ለአራት መቶ እኩል ካልተካፈለ በቀር፣ የሚጨመረው ቀን እንዲቀር ተደነገገ። ስለዚህ በ1700፣ በ1800ና በ1900 በእኛና በእነርሱ መካከል ያለው ርቀት በየጊዜው በአንድ ቀን እየሰፋ መጣ። ዛሬ ሚያዝያ 27 ሁልጊዜ በሜይ 5 ይውላል፤ በአውሮፓ 2100 ዓመት ግን በሜይ 6 ይውላል።

በዚህ ምክንያት በዓለም ላይ ብዙ ስሕተት ተደርጓል። የእንግሊዙ ሼክስፒርና የእስፓኙ ሰርቫንቴስ ሁለቱም ኤፕሪል 23 ቀን 1616 ሞቱ እየተባለ ይነገራል። ነገር ግን እስፓኝ በዚያን ጊዜ አዲሱን አቆጣጠር ስትይዝ እንግሊዝ ገና በአሮጌው ነበረች፤ እስከ 1752ም ድረስ አልለወጠችም። ስለዚህ በወረቀት ላይ አንድ የሚመስለው ቀን በእውነት የአሥር ቀን ልዩነት አለው። ከዚህ የምንማረው፣ የቀን ስምና ቁጥር ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሰው የሰፈረው መሆኑን ነው። ፀሐይ ቀኑን ስታመጣ ቁጥር ጽፋበት አታመጣም።

ቀጥለን ወደ ሜክሲኮ እንሻገራለን። የፈረንሳዩ ናፖሊዮን 3ኛ ሜክሲኮ ዕዳዋን አልከፈለችም በሚል ምክንያት ጦር ልኮ ነበር። ሜይ 5 ቀን 1862 ጀኔራል ኢግናሲዮ ሳራጎሳ በፑዌብላ ከተማ አጠገብ ከኮረብታ ምሽጎች ላይ ሆኖ፣ በቁጥርም በመሣሪያም የሚበልጠውን የፈረንሳይ ሠራዊት መለሰው። ፕሬዚዳንቱ ቤኒቶ ኹዋሬዝም ከጥቂት ቀናት በኋላ ያ ዕለት በዓል እንዲሆን አወጁ። ሆኖም በዓመቱ ፈረንሳዮች ብዙ ጦር አምጥተው ፑዌብላንም ዋና ከተማይቱንም ያዙ፤ ማክሲሚሊያን የሚባል የኦስትሪያ መስፍንም በሜክሲኮ ላይ ንጉሠ ነገሥት አድርገው አስቀመጡ። ሜክሲኮዎች ግን ተሸነፍን ብለው ያን ቀን አልሰረዙትም፤ ይልቁንም ስንቅ አድርገው ያዙት። በ1867 ማክሲሚሊያን በጥይት ተገደለ፤ ኹዋሬዝም ወደ ዋና ከተማው ተመለሰ።

የፑዌብላ ቀን በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 28 ቀን 1854 ዓ.ም. ስለ ሆነ ከእኛ ቀን ጋር በትክክል አይገጥምም። ሆኖም ሜክሲኮንና ኢትዮጵያን የሚያገናኛቸው ከቀን ቁጥር የሚበልጥ ነገር አለ። ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ብዙ መንግሥታት ወረራውን ሲቀበሉ፣ ሜክሲኮ በመንግሥታት ማኅበር ውስጥ ተቃውማ ጸንታለች። የባዕድ ጦር በዋና ከተማው ሲገባ ምን ማለት እንደ ሆነ ሜክሲኮ ከራስዋ ታሪክ ታውቅ ነበር። በአዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ የሚባለው የዚህ ውለታ መታሰቢያ ነው፤ በሜክሲኮ ከተማም በኢትዮጵያ ስም የተጠራ የምድር ባቡር ጣቢያ አለ። በዚያ አደባባይ በየቀኑ የሚያልፈው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ስሙ ከየት እንደ መጣ የሚያውቀው ግን ጥቂት ሳይሆን አይቀርም።

በትክክል በሚያዝያ 27 ቀን የምትገኘው ሌላዋ አገር ሆላንድ ናት። ጀርመኖች ሆላንድን በ1932 ዓ.ም. በግንቦት ወር መጀመሪያ ወረሩ፤ ሕዝቡም እንደ እኛ አምስት ዓመት በጠላት እጅ ተጨነቀ። በመጨረሻው ክረምት ብቻ በረኃብ ያለቀው ሰው ወደ 20,000 ይገመታል። ሚያዝያ 27 ቀን 1937 ዓ.ም. የጀርመኑ አዛዥ ጀኔራል ብላስኮቪትዝና የካናዳው ጀኔራል ፎክስ በቫኽኒንገን ከተማ በአንድ ሆቴል ውስጥ ተገናኝተው ስለ ጀርመኖች እጅ አሰጣጥ ተነጋገሩ። ሆላንዶች ይህን ቀን የነጻነት በዓል አድርገው ያከብሩታል። የሚያስደንቀው ግን አከባበራቸው ነው፤ በዋዜማው ምሽት አገሩ በሙሉ ሥራውን ትቶ ሁለት ደቂቃ በዝምታ በመቆም ሙታንን ያስባል፤ በማግሥቱ ደስታ ይሆናል። እነርሱ ለቅሶውንና ደስታውን በሁለት ቀን ከፈሉት፤ እኛ ግን ሁለቱንም በአንድ ቀን ተሸክመናል።

እነዚህን ሁሉ ካየን በኋላ፣ ታላላቅ ነገሮች በአንድ ቀን የሚገናኙባቸውን ምክንያቶች በሦስት ከፈልናቸው። አንደኛው አጋጣሚ ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች የነበሩት ጆን አዳምስና ቶማስ ጄፈርሰን አገራቸው የነጻነት ቃል ካወጀች ልክ 50 ዓመት በሞላበት ቀን፣ ጁላይ 4 ቀን 1826፣ ሁለቱም ሞቱ። ይህን ያቀደው ሰው የለም። ዓመቱ ያለው 365 ቀን ብቻ፣ የዓለም ታሪክ ግን ብዙ ሺህ ዓመት ስለ ሆነ፣ ብዙ ነገሮች በአንድ ቀን ቢገናኙ የሚያስደንቅ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት አንዱ ነገር ሌላውን መሳቡ ነው። በጀርመን ታሪክ ኖቬምበር 9 ቀን እንደዚህ ያለ ነው። በ1918 በዚያ ቀን የቄሣሩ ዙፋን ወድቆ ሪፐብሊክ ታወጀ። በ1923 ሂትለር ሙኒክ ላይ ሊያደርግ የሞከረው ዐመፅ በዚያው ቀን ከሸፈ። በ1938 የናዚ አለቆች ያን ዐመፅ ለማሰብ በሙኒክ ተሰብስበው ሳሉ፣ በዚያ ሌሊት በአይሁድ ላይ ታላቅ ጥፋት እንዲወርድ አደረጉ፤ ምኩራቦች ተቃጠሉ፣ ብዙ ሰው ተገደለ፣ ብዙ ሺህም ታሰረ። በ1989 ደግሞ የበርሊን ግንብ የተከፈተው ኖቬምበር 9 ቀን ነው። ሆኖም ጀርመኖች የአንድነታቸውን በዓል ያደረጉት ኦክቶበር 3 ቀን ነው፤ የ1938ቱ ኃጢአት ባለበት ቀን መጨፈር አይገባም የሚል ሐሳብ ስለ ነበረ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የሰው ምርጫ ነው፤ የእኛ ሚያዝያ 27 ዋናው ምሳሌ ነው። የመጀመሪያውን ሚያዝያ 27 ጠላት አመጣብን፤ ሁለተኛውን ግን እኛ መረጥነው። በምርጫ የመጣ ቀን ደግሞ በምርጫ ሊለወጥ ይችላል። በደርግ ዘመን የድሉ በዓል አዲስ አበባ በእንግሊዝ መንግሥት ጦር ወደ ተያዘችበት ቀን፣ ወደ መጋቢት 28፣ ተዛውሮ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እንደ ገና ወደ ሚያዝያ 27 ተመልሷል። አንድ ድል በሁለት ቀን መከበሩ፣ ቀኑ ራሱ ይህን አክብሩ ብሎ እንደማይናገር ያስረዳል። የሚናገረው ሰው ነው፤ ሰውም አንዳንድ ጊዜ ይከራከራል።

እንግዲህ ጽሑፋችንን የጀመርንበትን ጥያቄ እንመልስ። ቀን ሰውን ይጥላልን? የሁለቱ ጓደኞቻችን ክርክር በዚህ አለቀ፤ ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ቀን ሁሉ እኩል ነው ያለው፣ ፀሐይ ለሚያዝያ 26ም ለሚያዝያ 27ም አንድ ዓይነት ስለምትወጣ እውነቱን ነው። በዓል በቀን ይከበራል ያለውም፣ ሰው የሚያስታውስበት ምልክት ካልተከለ በቀር የታላላቆቹን ሥራ ስለሚረሳ እውነቱን ነው። ሚያዝያ 27ን የገድ ቢስነት ቀን ብሎ የተቀመጠ ሕዝብ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ቀን ዳግመኛ በደስታ መሰለፍን አያስብም ነበር። «ቀን ጣለን» ብሎ ከመቀመጥ ይልቅ የወደቀበትን ቀን ያነሣ ሕዝብ ነው።

ግን የቀን ምልክት ብቻውን አይበቃም። ያንን ዘመን በዓይናቸው ያዩ አርበኞች ዛሬ በሕይወት ያሉት በጣም ጥቂት ናቸው። ሥራ የሚዘጋበት ቀን ብቻ ሆኖ የቀረ በዓል ትርጉሙ ቀስ በቀስ ይጠፋል፤ አደባባዩ ስሙን ይዞ ይቀራል፣ የስሙን ምክንያት የሚያውቅ ግን አይገኝም። ስለዚህ በየቤታችን ያሉትን አያቶቻችንን ስለዚያ ዘመን ከወላጆቻቸው ምን እንደ ሰሙ ብንጠይቅና ብንጽፍ፣ ከብዙ ሰልፍ ይልቅ ይጠቅማል። ከእኛ ክፍል አንዳንዶቹ ይህን ሥራ ጀምረዋል፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ቢቀጥሉበት ደስ ይለናል።

ትምህርት ቤታችንም ዛሬ የራሱን ቀን ያከብራል። በሩ የተከፈተበት ያ የመጀመሪያ ዕለት ለብዙ ሰው ተራ ቀን ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎችና መምህራን ግን በዚያ ቀን ሥራ ጀመሩበት፣ ሥራውም ቀኑን አስከበረው። እኛ በዚህ ዓመት ከዚህ ደጃፍ ስንወጣ ፊታችን ያለው ዘመን ባዶ ገጽ ነው። ከቀኖቹ ውስጥ የትኛው እንደሚታወስ አናውቅም፤ ሠሪዎቹ ግን እኛ እንደ ሆንን ከሚያዝያ 27 ተምረናል።